«ሄደች አሉ»

አርብ ዕለት ከሥራ መልስ ጉለሌ ወዳለው የአጎቴ ቤት ሄድሁ። በሩን ከማንኳኳቴ በፊት ጉትቻዎቼን አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኋቸው። ያደግሁበትን የወንጌላውያን ኅብረት ትቼ ከወጣሁ አራት ዓመት አልፎኛል። እዚያ ሴት ልጅ ጉትቻ አታደርግም፣ ሱሪ አትለብስም፤ ዘፈን የለመደ ጆሮ ለመዝሙር አይሆንም ይባላል። አጎቴ ግን ከዚያ ኅብረት ጋር ምንም የሚያገናኛቸው ነገር የለም። የሰባ አራት ዓመት ኦርቶዶክሳዊ ናቸው፤ በልጅነታቸው የቅኔ ተማሪ፣ ኋላም ጡረታ እስኪወጡ የታሪክ መምህር ነበሩ። በሩን ሲከፍቱ እጄ ገና ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ያወራነውን እነሆ።

ጋሼ፦ ምን እየደበቅሽ ነው?

እኔ፦ ምንም አይደለም ጋሼ። እንደምን ዋሉ?

ጋሼ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ጉትቻሽ ነው አይደል? ባለፈውም እንዲሁ ስታደርጊ በመስኮት አይቼሻለሁ። ጉትቻ ያደረገች ሴት ስነቅፍ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? አያትሽ የቄስ ሚስት ነበረች፤ የብር ጉትቻዋ ግን ከጆሮዋ ወርዶ አያውቅም።

እኔ፦ ስለ እርስዎ ብዬ አይደለም። አስቤውም አይደለም። ዘመድ ቤት ደጃፍ ስደርስ እጄ ራሱ ወደ ጆሮዬ ይሄዳል።

ጋሼ፦ በይ ግቢ። አቦሉ አምልጦሻል፤ ቶናው ደርሷል።

እኔ፦ እጄ ብቻ ቢሆንማ ምን ነበረበት። ሰኞ ዕለት ከመገናኛ ታክሲ ያዝሁ። ሾፌሩ የሙሉቀን መለሰን «ሄደች አሉ» ከፈተ። ድምፁን እወደዋለሁ፤ ምን ብዬ እዋሻለሁ። ደረቴ ላይ ግን የሆነ ነገር መጥቶ ተቀመጠብኝ። ሰፈሬ ሳይደርስ «ወራጅ አለ» ብዬ ወረድሁና የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄድሁ።

ጋሼ፦ ዘፈን ሸሽተሽ?

እኔ፦ ዘፈን ሸሽቼ። የሠላሳ አምስት ዓመት ሴት!

ጋሼ፦ ሙሉቀን ራሱ እኮ ዓለማዊ ዘፈኑን ትቶ የእናንተን መንገድ የያዘ ሰው ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ አሜሪካን አገር ሲያርፍ ከመድረክ ከራቀ ስንትና ስንት ዘመኑ።

እኔ፦ የባሰው እሱ ነው! ባለቤቱ የተወውን ዘፈን እኔ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። እሱ በገባበት በር እኔ ወጣሁ።

ጋሼ፦ መውጣትሽ ይቆጭሻል?

እኔ፦ አይቆጨኝም። ተጣልቼ አይደለም የወጣሁት። አፌ «አሜን» እያለ ልቤ ዝም ማለት ከጀመረ ቆይቶ ነበር፤ ልመለስ ብልም አልችልም። ግራ የገባኝ ሌላ ነው። ሰው ያጠፋ ሲመስለው ነው የሚጸጸተው። እኔ ያጠፋሁ አይመስለኝም፤ ግን ጠዋት ስነሣ ያጠፋሁ ሆኜ ነው የምነሣው። ደመወዝ በወጣ ቁጥር አሥራቱን አሰላለሁ። ለማን እንደምሰጠው ሳላውቅ እለየዋለሁ።

ጋሼ፦ ክፉ ሰዎች ነበሩ?

እኔ፦ ቢሆኑማ ይቀልለኝ ነበር። አባቴ ሲሞት አርባ ቀን ሙሉ እየተፈራረቁ እኛ ቤት ያደሩት እነሱ ናቸው። ሰው ፊት ቆሜ መናገርን፣ ድምፄን ከሌላ ድምፅ ጋር ማስማማትን ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው። እሑድ ጠዋት መዘምራኑ አንድ ላይ ትንፋሽ ሲስቡ የሚሰማው ድምፅ ዛሬም በሕልሜ ይመጣል። አንዳንዴ ጸጸት የምለው ነገር ናፍቆት ይሆን እላለሁ።

ጋሼ፦ መልካም ብለሻል። የዚያን ጥብቅነት ሥር ደግሞ እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ። በንጉሡ ዘመን ጴንጤቆስጤዎቹ በ1959 ዓ.ም. በሕግ እንመዝገብ ብለው ቢጠይቁ ተከለከሉ። ደርግ ሲመጣ ደግሞ ባሰ። መሠረተ ክርስቶስ በ1974 ዓ.ም. ስትዘጋ መሪዎቿ ያለ ፍርድ ለዓመታት ታሰሩ። ሰዉ በየቤቱ አምስትም ስድስትም እየሆነ፣ መዝሙሩን በሹክሹክታ እየዘመረ ቆየ። ስትዘጋ አምስት ሺህ ያህል የነበረው ምእመን፣ በ1983 ዓ.ም. ስትከፈት ከሠላሳ ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ። የእናትሽ ኅብረት ሌላ ነበር፤ ኑሮው ግን ያው ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ሥርዓት ማለት ነፍስ ነው። አንድ ልጅ ለጎረቤት ልጅ አንዲት ቃል ካመለጠችው ሁሉም ይታሰራል። ከዓለማዊ ጓደኛ መራቅ፣ አለባበስን ዝቅ ማድረግ፣ አንዱ የሌላውን አመል መጠበቅ ያኔ ምክንያት ነበረው።

እኔ፦ ያሳደዳቸው መንግሥት ሄደ፣ ጥበቃው ቀረ።

ጋሼ፦ ለልጆቻቸው ሲደርስ ምክንያቱ ተረስቶ ፍርሃቱ ብቻ ተረፈ። ግን እዚህ ላይ እናንተን ብቻ አላማም። የእኔን ሾርባ ነግሬሽ አላውቅም?

እኔ፦ የምን ሾርባ?

ጋሼ፦ በ1960 ዓ.ም. ነው። ደበሎዬን አውልቄ፣ አኮፋዳዬን ለታናሼ አስረክቤ ወደ አስኳላ ገባሁ። ሾልኬ አልጠፋሁም። የኔታ ራሳቸው «ሂድ ልጄ፣ ይቅናህ» ብለው መርቀው ነው የሸኙኝ። አዳሪ ትምህርት ቤት በገባሁ በሁለተኛው አርብ ምሳ ላይ ሾርባ ቀረበ። ሥጋ ያለበት አልመሰለኝም። ግማሹን ከጠጣሁ በኋላ አንዲት ቁራጭ ሥጋ ማንኪያዬ ላይ ወጣች። የጣት ጥፍር ታህላለች። ማንኪያውን አስቀመጥሁ፤ ወደ ውጭ ሮጥሁና ከግንቡ ሥር አንጀቴ እስኪገለበጥ አስመለሰኝ። ሦስት ቀን እህል አልቀመስሁም።

እኔ፦ ሳያውቁ እኮ ነው የበሉት!

ጋሼ፦ ሳላውቅ። የንስሐ አባቴ በኋላ ስነግራቸው ስቀው «ሳያውቁ የበሉትን እግዚአብሔርም አይቆጥረው» አሉኝ። ሰባት ስግደት ሰጡኝና አለቀ። ሆዴ ግን አልሰማቸውም። ይኸው ስንት ዘመኔ፣ ዛሬም አርብ ቀን ሾርባ ሲሸተኝ ያ ግንብ ፊቴ ይመጣል። ጭንቅላቴ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ ሆዴ እዚያው ቅኔ ቤት ቀርቷል።

እኔ፦ የእርስዎ ግን ማለቂያ ነበረው። ሰባት ስግደት። በኛ ዘንድ ቁጥር የለም። በአሥራ አራት ዓመቴ ጎረቤት ቤት ቆሜ ዘፈን ሰማሁ። ለዚያች ዘፈን ወደ መድረክ እየወጣሁ አሥራ አንድ ጊዜ ንስሐ ገብቻለሁ፤ ቆጥሬዋለሁ። ሰባኪው «በልባችሁ የደበቃችሁት ያለ» ባለ ቁጥር ያችው ዘፈን ናት የምትመጣው።

ጋሼ፦ በቁጥሩም ቢሆን የማይድን አለ። ያዘዙትን ስግደት ጨርሶ «በትክክል አልሰገድሁም» ብሎ ከአንድ የሚጀምር ሰው አውቃለሁ። ሙስሊሞቹ ወስዋስ ይሉታል። ውዱእ አድርጎ «ውኃው ክርኔን አልነካም» እያለ መልሶ መላልሶ የሚታጠበውን ሰው ዑለማዎቹ «ጥርጣሬህን አትስማው፣ ስገድ» ይሉታል። እኛም እኮ ወስዋሳ የምንለው ሰው አለን። እኔ ግን ለራሴ አንድ መለኪያ አበጅቻለሁ። የጥፋተኝነት ስሜት ሲመጣብኝ «ማንን በደልሁ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። መልሱ የሰው ስም ከሆነ ተነሥቼ ወደዚያ ሰው እሄዳለሁ። ስም ካጣሁለት የለመደበት ነው ብዬ ቡናዬን እጠጣለሁ።

እኔ፦ ሲናገሩት ቀላል ነው ጋሼ። ጉትቻው ላይ ይሠራ ይሆናል፤ ዘፈኑም ላይ። ንጥቀት ላይ ግን አይሠራም።

ጋሼ፦ ንጥቀት ደግሞ ምንድን ነው?

እኔ፦ ጌታ ሲመጣ አማኞቹ በቅጽበት ይነጠቃሉ፤ የቀረው ለመከራ ይቀራል። ከሁለት አንዷ ትወሰዳለች፣ አንዷ ትቀራለች። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ ባዶ ከሆነ የመጀመሪያው ሐሳቤ «ገበያ ሄደዋል» አልነበረም። «ቀረሁ» ነበር። ስድስት ወር ሆነው፣ አንድ ማታ ቤቴ ስገባ መብራት ጠፍቷል። ግቢው ጭር ብሏል። የጎረቤቴ በር ገርበብ ብሎ፣ ከሰሏ እየነደደ፣ ድስቷ ተጥዶ ሰው የለም። እማዬ ጋ ደወልሁ፤ አታነሣም። የድሮው ወንጌላዊያችን ጋ ደወልሁ፤ አያነሡም። እግሬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሦስተኛ የደወልሁት ማን ጋ መሰለዎት? በአራት ዓመት አንድ ቀን ደውዬለት የማላውቀው የመዘምራን አስተባባሪያችን ጋ። «ሃሎ» ሲለኝ ዘጋሁበት።

ጋሼ፦ ለምን?

እኔ፦ እሱ እዚህ ካለ ንጥቀቱ አልሆነም ማለት ነዋ! ከኔ በፊት የሚወሰደው እሱ ነው።

ጋሼ፦ (ሳቃቸውን መለሱት።) ይቅርታ ልጄ። የሚያስቅ አይደለም።

እኔ፦ እኔም ሥቄያለሁ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ። ጎረቤቴ ሻማ ልትገዛ ሱቅ ወርዳ ነበር። እኔ ግን ትምህርቱ ከየት እንደመጣ እንኳ አንብቤያለሁ። አሁን በምናውቀው መልኩ ያስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ የተነሣ ጆን ዳርቢ የሚባል ሰባኪ ነው። ሁለት መቶ ዓመት አልሞላውም።

ጋሼ፦ ለዚህ ነው እኔ የማላውቀው። እኛ ስለ ምጽአት የምንሰማው በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ በደብረ ዘይት እሑድ ነው። እሱም ያስፈራል። ነገር ግን ሁሉም አንድ ላይ ይቆማል እንጂ፣ ከምድጃዋ ሥር ሴት አትሰወርም።

እኔ፦ ማወቄ ግን አላዳነኝም። እና ማንን በደልሁ ብዬ ልጠይቅ? ፍርሃት እንጂ ጸጸት አይደለም እኮ።

ጋሼ፦ እውነትሽን ነው። መለኪያዬ እዚህ ድረስ አይደርስም። ምን አደረግሽ ታዲያ?

እኔ፦ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሄድሁ። ማርሊን ዊኔል ስለምትባል አሜሪካዊት ባለሙያ የነገረችኝ እሷ ናት። ራሷ የሚስዮናውያን ልጅ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ስለዚህ ጉዳይ መጽሐፍ ጻፈች፤ በ2011 ደግሞ ስም አወጣችለት። ጥብቅ ሃይማኖታዊ ሕይወት ውስጥ መኖርም፣ ከዚያ መውጣትም የሚያደርሰው ቁስል እንደማለት ነው። ሐኪሞች በሚጠቀሙበት መዝገብ ውስጥ በሽታ ተብሎ አልገባም። ለኔ ግን ስም ያለው ነገር መሆኑ ብቻ ትንሽ አሳረፈኝ።

ጋሼ፦ መድኃኒቱስ?

እኔ፦ አስቸጋሪ ነው። «በሚቀጥለው ጊዜ ሦስተኛውን ስልክ አትደውዪ» አለችኝ። ከዚያ ሁለተኛውን፤ ከዚያ የመጀመሪያውን። ደውዬ ባረጋገጥሁ ቁጥር ፍርሃቱን «ልክ ነህ፣ መፈተሽ ነበረበት» እያልሁ ነው የማበላው። ቁጭ ብዬ ካሳለፍሁት ግን ራሱ ይደክመዋል። ባለፈው ወር አንድ ምሽት ሞክሬዋለሁ። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። እጄን ጉልበቴ ሥር አድርጌ ተቀመጥሁበት።

ጋሼ፦ የኢየሱሳውያኑ መሥራች፣ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላም በዚያው ነው የዳነው። ማን መሰለሽ? እ.ኤ.አ. በ1555 ለዐፄ ገላውዴዎስ ደብዳቤ የጻፈላቸው ሰውዬ። ከዚያ በፊት በ1522 ማንሬሳ በምትባል የስፔን ከተማ ሳለ አንዴ የተናዘዘውን ኃጢአት «አልተናገርሁትም ይሆናል» እያለ መልሶ መላልሶ ይናዘዝ ነበር። ራሱን ሊያጠፋ እስኪቃጣው ድረስ ተሠቃየ። የዳነው ያለፈውን ዳግመኛ ላለመናዘዝ ሲቆርጥ ነው። በኋላ በጻፈው ላይ አንድ ምሳሌ አለ። ሁለት ገለባ መንገድ ላይ ተመሳቅለው መስቀል ቢሠሩና ሰው ሳያስበው ቢረግጣቸው፣ ያ ኃጢአት አይደለም፤ ኃጢአት የሚመስለው ካለ ተሳስቷል ይላል። ፈረንጆቹ ይህን ሥቃይ የሚጠሩበት ቃል በላቲን ትንሽ፣ ስለታም ጠጠር ማለት ነው።

እኔ፦ ጫማ ውስጥ እንደምትገባው?

ጋሼ፦ እንደሷ። ጠጠር ያነክሳል እንጂ መንገድ አያሳይም። የኔ ትልቁ ጥፋት ጠጠሩን መንገድ መሪ ማድረጌ ነው።

እኔ፦ እንዴት?

ጋሼ፦ ስኒሽን ወዲህ በይ። በረካውን ልቅዳልሽና እነግርሻለሁ። ለሾርባ ያስመለሰኝ ያ ልጅ በ1967 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ መምህር ሆኖ ቤት ተከራይቷል፤ እኅቱንም ከአገር ቤት አምጥቶ ያስተምራል።

እኔ፦ እማዬን።

ጋሼ፦ እናትሽን። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከትምህርት ቤት ጓደኛዋ ጋር እየሄደች ጸሎት ጀመረች። ማተቧን ፈታች። ወሬው አገር ቤት ደረሰ፤ የቄሱ ልጅ «ሄደች አሉ» ተባለ። አባቴ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ተጉዘው መጡ። አርብ ቀን ነው። አንተም ተው አንቺም ተይ የሚል ሽማግሌ የለም፤ ሦስታችን ብቻ ነን። «መለስ በይና ማተብሽን እሠሪ» አሏት። «አልችልም አባባ» አለች። «እንግዲያስ እኔ ልጅ የለኝም፤ ከዚህም ቤት ውጪ» አሏት። ቤቱ የማን ነው? የኔ ነው። ኪራዩን የምከፍል እኔ ነኝ።

እኔ፦ ምን አሉ ታዲያ?

ጋሼ፦ ምንም። ዓይኗ እኔ ላይ ነበር። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ልብሷን በነጠላ ጠቅልላ ወጣች። እዚህ ላይ ነው ነገሩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሜን ጠብቄ፣ ከአባቴ ጋር የሽሮ ፍትፍቴን በልቼ፣ ጸሎቴን አድርሼ ተኛሁ። እንቅልፍ ወሰደኝ። ምንም አልቆረቆረኝም። የጥፍር ታህል ሥጋ ሦስት ቀን ያስራበችኝ ሰው፣ እኅቴ ስትባረር ሆዴ ጸጥ አለ።

እኔ፦ (ዝም አልሁ።)

ጋሼ፦ «ማንን በደልሁ» የሚለውን መለኪያ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ያገኘሁት ከሃያ ዓመት በኋላ ነው፤ አባቴን የቀበርን ዕለት። ከሬሳው ኋላ፣ ከሕዝቡ ተነጥላ ብቻዋን ቆማ አየኋት። የሰለጠነ ጸጸት እንደሰለጠነ ውሻ ነው፤ አታልፍ ያሉትን በር ይጠብቃል። በሌላው በር ቤቱ ቢዘረፍ አይጮኽም።

እኔ፦ ይቅርታ ጠየቋት?

ጋሼ፦ አንድ ኪሎ ቡና ገዝቼ ሄድሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላወቅሁም። «ያን አርብ…» ብዬ ስጀምር «የቤቱን ቁልፍ ይዤ መሄዴን ታውቃለህ? ሊጠራኝ ይመጣል ብዬ ሰባት ወር በአንገቴ አስሬው ነበር» አለችኝ። ከዚያ አለቀስን። እኔን ይቅር ብላኛለች። ራሷን ግን እንጃ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ የአባታችን ሙት ዓመት ሲደርስ በፖስታ ብር ትልክልኛለች። «ጧፍ ግዛበት፤ ከኔ እንደሆነ ግን አትናገር» ትላለች።

እኔ፦ እማዬ? ጧፍ?

ጋሼ፦ እናትሽ። አንቺን «ለምን ወጣሽ» እያለች የምታለቅሰው እናትሽ። የራሷን መውጣት ጨርሳ አልወጣችውም። አትንገሪያት።

እኔ፦ አልነግራትም።

ጋሼ፦ በይ አሁን ጉትቻውን ተይው፤ ዘፈኑንም ተይው። ማንን በደልሽ?

እኔ፦ እማዬን አሳዝኛለሁ። በድያታለሁ ግን አልልም።

ጋሼ፦ ሌላስ?

እኔ፦ ሌላ… አንዲት ልጅ ነበረች።

ጋሼ፦ ማን?

እኔ፦ መዘምራን ውስጥ ነበረች። እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ፣ የአገልጋዮች ሥነ ሥርዓት ተቆጣጣሪ ሆኜ ተመርጬ ነበር። እሷ አሥራ ሰባት። አንድ ሰው ሠርግ ላይ ጉትቻ አድርጋ አይቻታለሁ አለ። ጠርቼ ጠየቅኋት፤ አልካደችም። እሑድ ጉባኤ ፊት አቁሜ፣ «ከአገልግሎት ለስድስት ወር ታግዳለች» የሚለውን ወረቀት ያነበብሁት እኔ ነኝ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እሷ የቀሚሷን ጫፍ እያጠፈች ትፈታ ነበር። ከዚያ እሑድ በኋላ አልተመለሰችም።

ጋሼ፦ አንድ ቀን ጸጽቶሽ ያውቃል?

እኔ፦ አንድ ቀን እንኳ። በዚያ ማታ «ታማኝ ሆኜ ተገኘሁ» ብዬ ነው ጸሎት ያደረግሁት። ከወጣሁ በኋላ እንኳ አላስታወስኋትም። ውይ ጋሼ!

ጋሼ፦ ምነው?

እኔ፦ አምና ፒያሳ አይቻታለሁ። በወዲያኛው የመንገዱ ጠርዝ ልጅ አዝላ ትሄዳለች። ያየችኝ መሰለኝና ጉትቻዬን በፀጉሬ ሸፈንሁ። ታማኛለች ብዬ ፈራሁ። ያገድኋት በጉትቻ፣ የሸፈንሁባት ጉትቻ።

ጋሼ፦ (ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ።) ስልኳን የሚያውቅ ሰው አታጪም።

እኔ፦ ምን ብዬ እጀምራለሁ? ይቅርታዋን ብትነፍገኝስ?

ጋሼ፦ መብቷ ነው። አንቺ የምትሄጂው የበደልሻትን ልትነግሪያት እንጂ ቀኖናሽን እንድትፈታልሽ አይደለም። ፍርሃቱ ደግሞ በዚህ አይጠፋም። መብራት በጠፋ ቁጥር ይመጣል። ያኔ እጅሽን ጉልበትሽ ሥር አድርገሽ ቁጭ በይ።

እኔ፦ ስሄድ ጉትቻዬን ላድርገው ወይስ ላውልቀው? ባደርገው ማላገጥ ይመስልባታል። ባወልቀው ደግሞ ያው መደበቅ ነው።

ጋሼ፦ እኔ እንጃ ልጄ። ይህን እንኳ አላውቅም። በስልክ ስታገኚያት እሷን ጠይቂያት።